የተጠገነው በረባሶ

ይህን ታሪክ በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ዛሬ ለመጻፍ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ፤ አፍራቸው የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አፈር ስለለበሱ ይሆናል። ይመር በሉኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አይደለም፤ ግን በእኛ አገር ድንጋይ ብትወረውሩ የሚመታው አንድ ይመር ስለሆነ፣ በዚህ ስም ፈልጎ የሚያገኘኝ የለም።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ያጋመስኩ ገበሬ ነበርኩ። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ከሚወስደው መንገድ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። አባቴ ሞቷል። እኔና እናቴ፣ አንዲት ጎጆ፣ ቁራሽ መሬት፣ ቦራ የሚባል በሬ፤ ሀብታችን ይኸው ነበር። እናቴ "አግባ" ስትለኝ መጀመሪያ "የአባዬ ተዝካር ይውጣ" አልኳት። ተዝካሩ ሲወጣ "አዝመራው ይግባ" አልኳት። ከዚያ ዝናቡ ቀረና የሚገባ አዝመራም ጠፋ። ከቆላው የተራበ ሰው በደጃችን አልፎ ወደ መካነ ሰላም ሲጎርፍ፣ ሠርግ የሚባል ነገር ከአገሩ ተረሳ። አገር በድርቁ ሲያለቅስ እኔ በአንድ በኩል እፎይ ብዬ ነበር ብላችሁ ትጸየፉኝ ይሆናል። እውነቱ ግን እሱ ነው።

ስለ ራሴ የማውቀውን ነገር ከጉርምስናዬ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለነገሩ የምሰጠው ስም ግን አልነበረኝም። ለእኔ ዓይነቱ ሰው አማርኛችን ያዘጋጀው ቃል ወይ ቄስ ሲገሥጽ የሚያወርደው ነው፣ ወይ ሰካራም ሲጣላ የሚተፋው። ሁለቱም እኔን አይመስሉኝም ነበር። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ከደምሴ ጋር እስክቀናጅ ድረስ።

ደምሴ እንደ እኔው አንድ በሬ ብቻ ነበረው፣ ዳልቻ የሚባል። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ መሰሉን ፈልጎ ይቀናጃል። ሁለቱ በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፤ አንድ ቀን የእኔ ማሳ፣ አንድ ቀን የእሱ ይታረሳል። በእኛ ዘንድ ቅንጃ ማለት ቀላል ዝምድና አይደለም። በሬህን የሰጠኸው ሰው ነፍስህን ነው የያዘው።

ደምሴ ሳቂታ ነበር። በሬዎቹን በመንደሩ ሽማግሌዎች ስም እየጠራ ያሾፍባቸዋል፤ እኔ ከሳቄ የተነሣ ዕርፉን እስክለቅ ድረስ። በሁለተኛው ክረምት ዶፍ ያዘንና ቋጥኝ ሥር ተጠለልን። እርጥብ ጋቢዬን ከላዬ ገፎ የራሱን አለበሰኝ። እጁ ትከሻዬ ላይ ቀረ። እኔም አንሣው አላልኩትም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተርክላችሁም፤ የእናንተም የጓዳ ወሬ በአደባባይ አይወራ።

ደምሴ ግን ታጭቶ ነበር። እጮኛው ውድነሽ ትባላለች፤ መንደሩን የሚገዙት የጭቃ ሹሙ የግራዝማች ገሰሰ ልጅ ናት። ሠርጉ ድርቁ እስኪያልፍ ተብሎ ቆሟል። "እሷን ስታገባስ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ብናገባም ባናገባም ቅንጃ ነን፣ ማን ይለያየናል?" ይለኛል። እኔም አመንኩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ቅዳሜ የመካነ ሰላም ገበያ ነው። በዚያ የችግር ዓመት ሰው ወደ ገበያ የሚወርደው ሊሸምት ሳይሆን የቀረውን ከብት ሊሸጥና "እርዳታ እህል መጣ ወይ?" ብሎ ሊጠይቅ ነው። መንደሩ ባዶ ይውላል። ጎረቤታችን ጋሼ ሙሔ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደሴ ከተሰደዱ ወዲህ ቤታቸው ወና ሆኖ ቆሟል። በአንዱ ቅዳሜ እኔና ደምሴ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበርን።

ልንወጣ ስንል የአንዱ በረባሶዬ ማሰሪያ ተበጠሰ።

"ስጠኝ፣ ቤት ጠፍር አለኝ። ጠግኜ አመጣልሃለሁ" አለኝ።

"በአንድ ጫማ እያነከስኩ ልሂድ?"

"በባዶ እግርህ ሂድ፣ አንዷን በእጅህ ያዛት። ያኔ የተቸገርክ ሳይሆን ለጫማው የሳሳህ ትመስላለህ!"

እየሳቅኩ እንዳለኝ አደረግኩ። በእጄ አንድ በረባሶ አንጠልጥዬ በጓሮ በኩል ቤቴ ገባሁ። ሌላኛዋ እሱ ብብት ሥር ሆና ሄደች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ሲመሻሽ ሰው ከገበያ ሲመለስ መንደሩ በጩኸት ተናወጠ። የግራዝማች ገሰሰ የእህል ጉድጓድ ተከፍቶ ባዶውን ተገኝቷል። ጉድጓዱ ያለው ከጋሼ ሙሔ ጓሮ አጠገብ ነው። ውስጡ የነበረው ደግሞ የዘር ገብስ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግራዝማች ለመንደሩ አከፋፍላለሁ ብለው ቃል የገቡበት። በዚያ ዓመት ዘር መስረቅ ሰው ከመግደል አይለይም ነበር። ሴቶቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው እንደ ሞት ቤት አለቀሱ።

ግራዝማች በማግስቱ አውጫጪኝ ጠሩ። ለማታውቁት ላስረዳ። ሌባ ሲጠፋ የአካባቢው ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ የዋለበትን በመሐላ ይናገራል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለብቻ ይቀመጡና ሰው ተራ በተራ ወደ እነሱ ይቀርባል። የሚያውቅ በጆሯቸው ይነግራል፤ የማያውቅ "አላውቅም" ብሎ ያልፋል። የነገረው ሰው "ወፍ" ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ ሽማግሌዎቹ እስከ መቃብራቸው አይናገሩም። ወፍ እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ጥሪው እንደተሰማ ደምሴ እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ ለብሷል።

"ይመር፣ ሁሉም ሰው የገበያ ባልንጀራውን ይጠራል። እኛ ምን ልንል ነው?"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"ገደል ወርደን እንጨት ስንቆርጥ ዋልን እንበል። እኔም አንተም አንድ ቃል።"

"ማርያምን?"

"ማርያምን!" አለና እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር። እኔ ግን ልቤ ዐረፈ። ሁለት ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ምን ይመጣል?

ሰኞ ጠዋት ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ለሽማግሌነት የተመረጡት ሸህ እንድሪስ ናቸው፤ ቁርኣን የሚያስቀሩ የልጆች መምህር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚያከብራቸው ሰው። አብረዋቸው ሁለት አዛውንት ተቀመጡ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አድርገው ተነሡ።

"ያ ጀማዓ! ዘር የሰረቀ የከርሞን ነፍስ ነው የሰረቀ። ያወቀ ይናገር፣ ያላወቀ ይማል። ወላሂ፣ ወፏ ሳትናገር ከዚህ የሚነቃነቅ የለም!"

ክርስቲያኑ በመስቀል፣ እስላሙ በቁርኣን እየማለ ተራው ይገፋ ጀመር። ሁሉም "ገበያ ነበርኩ፣ እገሌ ምስክሬ ነው" ይላል። ሆዳችን ባዶ ነው። ፀሐይ ሲበረታ አንዳንዱ ከዛፉ ግንድ ተደግፎ ያንቀላፋል። የእኔ ተራ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነበር።

"ይመር ልጄ፣ ቅዳሜ ወዴት ዋልክ?"

"ገደል ወርጄ እንጨት ስቆርጥ፣ ሸሆቼ።"

"ከማን ጋር?"

"ከቅንጃዬ ከደምሴ ጋር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመቀመጤ ደምሴ ተጠራ።

"አንተስ ልጄ?"

ደምሴ ወደ ወይራው ቅርንጫፍ ቀና ብሎ አየ። "ገበያ ነበርኩ" አለ።

"ከይመር ጋር እንጨት አልቆረጥክም?"

"አላየሁትም። ያን ቀን ይመርን አላየሁትም።"

ግራዝማች ገሰሰ ከተቀመጡበት ሆነው "ከእኔ ጋር ነበር! አብረን ወርደን አብረን ነው የተመለስን" አሉ። የጭቃ ሹም ቃል ነውና ማን ይጠይቃል? ደምሴ መስቀሉን ስሞ ተቀመጠ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለካ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ወገቤን የሆነ ነገር ሲመታኝ ታወቀኝ። እንዲያም ሆኖ፣ አያችሁ የፍቅርን ነገር፣ ለእሱ ሰበብ እፈልግለት ጀመር። ደንግጦ ነው አልኩ። አማቹ ፊት አፍሮ ነው፤ ነገ ቃሉን ያስተካክላል አልኩ። እዚያው ሜዳ ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን ስናድር ዓይኑን ልይዘው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ አደረ።

ሲነጋ ለጉባኤው ውሃ የሚያመጡ ሰዎች ይሂዱ ተባለ። ደምሴ ቀድሞ ተነሣ። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ በእሱ ቤትም በጋሼ ሙሔ ቤትም ደጅ ያልፋል። ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩም። የተመለሰው ዘግይቶ ነው፤ ሲያልፍ ጋቢው ነካኝ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጡና ወፍ የሚፈለግበት ተራ ሆነ። ሁላችንም አንድ በአንድ እየቀረብን ተመለስን። እኔ "አላውቅም" አልኩ፤ እውነትም ነበር። የመጨረሻው ሰው ሲመለስ ሸህ እንድሪስ ተነሥተው ወደ መሐል መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ወፏ ተናግራለች" አሉ። "ወፏ እንዲህ ትላለች። ቅዳሜ ቀን ይመር ከጋሼ ሙሔ ባዶ ቤት ሲወጣ ታይቷል። በባዶ እግሩ ነበር፤ አንድ በረባሶ በእጁ ይዟል። የሌላኛዋ ማሰሪያ ተበጥሶበት እዚያው ጥሏታል፤ ሄዳችሁ እዩ ትላለች።"

አንድ በረባሶ በእጁ ይዟል። ይህን ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እንዲያ አድርግ ብሎ ያሳቀኝም እሱ ነው። ወፉ ማን እንደሆነ ሽማግሌ እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ሰዎች ተላኩና በረባሶዬን ይዘው መጡ። ከጋሼ ሙሔ መደብ ሥር ነው ያገኘናት አሉ። ሸህ እንድሪስ ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጓት።

"ያንተ ናት?"

ተቀበልኳት። ማሰሪያዋ ተጠግኗል። በአዲስ ጠፍር፣ ጥብቅ ተደርጎ፣ ጫፉ እግሬን እንዳይልጠኝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። እንዲህ የሚሰፋው ደምሴ ነው፤ የቀንበራችንን ማነቂያም የሚጠግነው እንዲሁ ነበር። ለእኔ ብሎ ተጠንቅቆ ጠግኗታል፤ ከዚያ እኔኑ እንድታስይዝ አስቀምጧታል።

አስቡት እንግዲህ። ወፏ "ማሰሪያው ተበጥሶበት ጣላት" አለች። በእጄ ያለችው ግን የተጠገነች ናት። በባዶ ቤት የተጣለ ጫማ ማን ጠገነው? ይህን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ፣ የወፏ ነገር ሁሉ ይፈርሳል። ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ይመጣል፤ ደምሴ ከሆነ የጠገነው፣ ጫማህን እንዴት አገኘው? በባዶ ቤት ሁለታችሁ ምን ትሠሩ ነበር? ለዚያ የሚሆን መልስ በእኛ መንደር አልነበረም። ሌባ ይታሰራል። እኛን ግን ምን እንደሚያደርጉን ስም የሌለው ነገር ነው።

ቀና ብዬ ደምሴን አየሁት። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ ሸህ እንድሪስ ዝግ ብለው፤ "የምትለው አለህ? አብሽር፣ ተናገር።"

እናቴ ዳር ቆመው ከሚያዩት ሴቶች መሐል ሆና "ይመር! አላደረግኩም በላቸው! በአባትህ አጥንት!" ብላ ጮኸች።

"የምለው የለኝም" አልኩ።

እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ። ግራዝማች ገሰሰ ለጠፋው ገብስ ካሣ ብለው ቦራን ከደጃችን አስነዱት። እናቴ ጭራውን ይዛ ተጎተተች፤ ጣቶቿን ያላቀቋት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሁለት በሬ ያለው ሰው ቅንጃ አያሻውም። በሳምንቱ ግራዝማች ቦራን ልጃቸውን ለሚያገባው ለደምሴ እንደሰጡት መካነ ሰላም እስር ቤት ሆኜ ሰማሁ።

እስር ቤት ውስጥ ረሃቡም ቅማሉም ነበረ። እኔን የጨረሰኝ ግን ሌላ ነው። ደምሴን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ራሴን ነው። ይኸው፣ እንዲህ ያለ ፍቅር መጨረሻው ይህ ነው አልኩ። ቄሱ የሚሉት እውነት ነው፤ ከበሰበሰ ነገር ምን ይበቅላል? ሌላው ሰው እጮኛው ብትከዳው ዕድሌ ነው ይላል። እኔ ግን የተከዳሁት እኔ እኔ ስለሆንኩ ነው ብዬ አመንኩ። ከእስር ብወጣ እናቴ የምትሰጠኝን አገባለሁ፣ ይህን ልቤን ገድዬ እኖራለሁ ብዬ ተሳልኩ።

እኔ እዚያ ሆኜ አገር ተገለባበጠ። ንጉሡ ወረዱ። ጠባቂዎቻችን ለማን ሰላምታ እንደሚሰጡ ግራ ገባቸው። ከዚያ መሬት ላራሹ ሆነና ዘማች ተማሪዎች ወደየመንደሩ ዘለቁ። የእኛ መንደር ገበሬ የግራዝማች ገሰሰን ግቢ ሲፈትሽ የተሰረቀው ገብስ ከነስልቻው ከጓዳቸው ተገኘ። ለካ በዚያ ቅዳሜ እኛ ከወጣን በኋላ የገዛ ጉድጓዳቸውን ያራቆቱት ራሳቸው ናቸው፤ ግማሹን ለወረኢሉ ነጋዴ ሸጠው፣ መንደሩ ዘር እንዳይጠይቃቸው ተሰረቅሁ አሉ። "ደምሴ ከእኔ ጋር ነበር" ያሉትም ለራሳቸው ምስክር ፈልገው ነው። ደምሴ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለደምሴ ዋሹ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን የጠራው ግማሹ ብቻ ነው።

ተፈታሁ። መንደር ስገባ ሰው በእልልታ ተቀበለኝ። ከወይራው ሥር፣ እጄን በታሰርኩበት ቦታ፣ ስብሰባ ተጠራ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ታውቁታላችሁ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ደምሴ ነበር።

"የጭቁኑ ጓዳችን የይመር ስም ዛሬ ይታደሳል!" እያለ ጮኸ። አቅፎ ሳመኝ። የቦራን ገመድ በጭብጨባ መሐል አስረከበኝ። ቦራ አሸተተኝና እጄን ላሰኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያላፈረብኝ እሱ ብቻ ነው።

ሰው ሲበተን ደምሴ ወደ ኋላ ቀረ።

"ይመር፣ ተቀየምከኝ?"

"ለምን አደረግከው?"

"አንተን ላድን ነው" አለ። እየማለ፣ እያለቀሰ። "አስበው እስቲ! ሌባ አንድ ቀን ይፈታል፤ ይኸው ተፈታህ። የእኛ ነገር ቢወጣ ማን ይፈታን ነበር? ሁለታችንም ከምንጠፋ…"

"ሁለታችንም ከምንጠፋ እኔ ልጥፋ?"

ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

"ጫማዬን ለምን ጠገንካት?"

"እሱን… ያኔ ላንተ ብዬ ነው። እውነቴን ነው፣ ላመጣልህ ብዬ ነበር የጠገንኳት።"

እመኑኝ፣ ከሁሉ ያመመኝ ይህ ነው። ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር። ቦራን እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። ያለው ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ በእኛ ዓይነት ፍቅር ውስጥ መክዳትም መውደድ ይሆናል እያልኩ ቀናት አሳለፍኩ። እናቴ ልጃገረድ ስትጠቁመኝ "እሺ" ማለት ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውድነሽ መጣች። አባቷ ታስረዋል፤ መሬታቸው ተከፋፍሎ ለእሷና ለእናቷ እንደማንኛውም ሰው ቁራሽ ደርሷቸዋል። ከከብቱም አንድ በሬ፣ ጉራቻ የሚባል ጥቁር። በአንድ በሬ አይታረስ፤ መንደሩ ደግሞ የጭቃ ሹም ልጅ ብሎ ይሸሻታል።

"በሬዬን ላቀናጅህ ነው የመጣሁ፣ ወንድሜ" አለችኝ፤ ከደጃፉ ሳትገባ። "አባቴ የበደለህን አውቃለሁ። እንቢ ብትለኝ አልቀየምህም።"

"እጮኛሽ እያለ ወደ እኔ?"

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። "አልሰማህም እንዴ? ሊቀመንበር በተመረጠበት ስብሰባ ላይ ተማሪዎቹ 'የጭቃ ሹሙ ልጅ እጮኛህ ናት አሉ' ቢሉት፣ 'አላውቃትም' አለ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ! ባየኝ ቁጥር የሚምልልኝ ሰው፣ 'አይቻትም አላውቅ' አለ።" ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች። "ምን ጎደለኝ ይመር? ሰው እንዲህ የሚከዳው ምን ቢያደርጉት ነው? ሌሊት ሌሊት ራሴን ነው የምመረምር።"

"አንቺ ምንም አላደረግሽም" አልኳት። "በአንቺ ጉድለት አይደለም። እሱ ከዳተኛ ስለሆነ ነው የከዳሽ።"

ይህን ተናግሬ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። "አላየሁትም።" "አይቻትም አላውቅ።" አንድ አፍ፣ አንድ ቃል! ሴት ብትሆንም፣ እጮኛ ብትሆንም፣ ሽማግሌ የላከባት ብትሆንም፣ ያው ነው ያደረጋት። ታዲያ እኔ ስንት ወር ሙሉ ራሴን የገረፍኩት በምን ዕዳዬ ነው?

ከደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ባዶውን ቤት። በረባሶዋን። ወፏን። "ቅንጃዬ ብቻ አልነበረም" አልኳት። ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሐል እዚህ ላይ ገጹን የዘጋ እንዳለ አውቃለሁ። ላልዘጋችሁት ልንገራችሁ። ያን ዕለት ፈሪነቴ አልለቀቀኝም፤ ነገ መንደሩ በድንጋይ ሊመጣብኝ ይችላል ብዬ ፈርቻለሁ። ግን አንድ ነገር ለቀቀኝ። የወደድኩት በተሳሳተ ልብ አልነበረም፤ የተሳሳተ ሰው ነው የወደድኩት። በዚህች በአንዲት ልዩነት ላይ ነው ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት። የማልፈልጋትን ልጅ አግብቼ እሷንም እኔንም አልገደልኩም። ልቤንም አልገደልኩትም። ደምሴ ሌሎችንም እየካደ ብዙ ዘመን ኖረ፤ በመጨረሻ እሱንም ካዱት። አልሳቅኩም፤ አላለቀስኩምም። አሁን በእርጅናዬ ስለ ራሴ ያለኝ ስም አንድ ነው፤ ያልካደ ሰው። ሌላውን ስም እናንተ እንዳሻችሁ በሉት።

ውድነሽን ግን አልጨረስኩላችሁም።

በማግስቱ ጎህ እንደቀደደ ደጄ ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። መጡ አልኩ። በሩን ስከፍት ጉራቻ ከቦራ አጠገብ ቆሟል፤ ውድነሽ ገመዱን ይዛለች። ዓይኗ እንዳልተኛች ይናገራል።

"እኔን ለአንድ ዓመት ነው የዋሸኝ" አለችኝ። "አንተንስ?"

"ሁለት ክረምት።"

"እንግዲያ ያንተ ይብሳል" አለችና ገመዱን ወረወረችልኝ። "በል ቀንበሩን አውጣ፣ ፀሐዩ ሳይከርር።"